ቀንድ አውጣዋ የሰጠችው ምስክርነት

አንባቢ ሆይ፤ ሐኪም ዘንድ የሄድህ እንደ ሆነ አስቀድሞ ክንድህን ይዞ የደም ሥርህን ምት ይቈጥራል፤ ቴርሞሜትርም ከምላስህ በታች ያኖራል። ባሕር የታመመ እንደ ሆነስ ምቱ በምን ይቈጠራል? ውኃው ሰማያዊ፥ ማዕበሉም እንደ ልማዱ ስለ ሆነ ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ከዐለት ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ነው።

በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ወደብ ዐለቶች ላይ የጣት አንጓ የምታህል የባሕር ቀንድ አውጣ አለች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ስቲቨን ብሌበር የተባለ መርማሪ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምር ሴቶቹ የወንድ ብልት አብቅለው አገኘ። (ሣቅ የመጣብህ እንደ ሆነ ጥቂት ታገሥ።) ነገሩ ሲበረታ የዕንቍላሉ መውጫ ይዘጋል፤ እናቲቱም ዕንቍላሏን በሆዷ እንደ ያዘች ትሞታለች። ዘሯም ከዐለቱ ላይ ይጠፋል።

ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። የመርከብ ሆድ አረምና ዛጐል ሲለጠፍበት ጉዞው ይዘገያል፥ ነዳጅም ያስፈጃል፤ ስለዚህ ትሪቡቲልቲን የሚባል መርዝ ያለበት ቀለም ይቀቡት ነበር። መርዙ ግን በቀለሙ ላይ አይቀርም፤ እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባል። ብራያንና ጊብስ የተባሉ የፕሊመዝ ሊቃውንት በ1980ዎቹ ዓመታት ነገሩን ገለጡ። ቀንድ አውጣዋን ለማወክ በአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ አንድ ግራም መርዝ ይበቃል! የዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ያህሉን የሚለየው በብርቱ ጭንቅ ነበር።

ዓሣ ቢቀንስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መረብ በዝቶ፥ ውኃው ሞቆ፥ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ ይሆናል። የቀንድ አውጣዋ ምልክት ግን ጣቱን የሚቀስረው በተለይ ወደዚህ መርዝ ነው፤ እርስዋም ከተወለደችበት ዐለት ብዙ ስለማትርቅ የምትመሰክረው ስለዚያው ስፍራ ነው። መርማሪውም ጥቂቶቹን ለቅሞ፥ ሴቶቹን ለይቶ፥ እንደ ሕመማቸው ብርታት ከ0 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣቸዋል። አንተ የመሥሪያ ቤት ሰው የሆንህ እንደ ሆነ የደረጃን ነገር ማስረዳት አያሻህም፤ እዚህ ግን ከፍ ማለት አያስደስትም።

በዚሁ መካከል በፈረንሳይ አገር በአርካሾን የባሕር ሰላጤ የሚኖሩ ገበሬዎች ይከስሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያረቡት ኦይስተር የሚባለውን፥ ፈረንሳዮች በሎሚ የሚበሉትን ባለ ዛጐል ፍጥረት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግልገሎቹ እያለቁ፥ የቀሩትም ዛጐላቸው ያለ ልክ እየወፈረ ሥጋቸው መነመነ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1982 ከ25 ሜትር በታች የሆኑ ጀልባዎች በዚህ ቀለም እንዳይቀቡ ከለከለ፤ እንግሊዝ በ1987 ተከተለች። ትልልቆቹን መርከቦች የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ውል በ2001 ቢጸድቅም ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። ብሌበር ምልክቱን ካየ 38 ዓመት አልፎ ነበር! ለዚህ መዘግየት ቀንድ አውጣዋ የምትወቀስ አይመስለኝም።

ከክልከላው በኋላ በብዙ ስፍራ ሴቶቹ ዳኑ። ዘሯ ፈጽሞ በጠፋባቸው ስፍራዎች ግን ልጆቿ ከዕንቍላል ሲወጡ መዋኘት ስለማይችሉ ከሩቅ እየተሳቡ እስኪደርሱ ድረስ ዐለቱ ብዙ ዓመት ባዶውን ቈየ።