የጥፋተኝነት ድርድርና የዐቃቤ ሕግ የመወሰን ሥልጣን፦ እርቁ በመዝገብ ይስፈር
(ሐተታ)

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ግምጃ ቤት አካባቢ ሁለት አርሶ አደሮች በእርሻ ወሰን ተጋጭተው አንደኛው በዱላ ቢጎዳ ጉዳዩ በሁለት መንገድ ይጓዛል። የመጀመሪያው ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚያመራው መደበኛ መንገድ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጥፋተኛውን የሚያሳምኑበት፣ ካሣ የሚቆርጡበትና ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያስታርቁበት የቆየ መንገድ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ቢሄዱም የሚገናኙበት ሕጋዊ ድልድይ ጠባብ ነው። ሕጉ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ ቀላል ወንጀሎች ላይ ተበዳዩ ከታረቀ ጉዳዩ እንዲቆም በር ይከፍታል። ከዚያ በላይ በሆኑ ወንጀሎች ግን እርቁ ክሱን አያስቀርም። በተግባር የሚታየው የታረቁ ምስክሮች ቃላቸውን መለወጣቸው ወይም ከችሎት መቅረታቸው ነው። መዝገቡም "በማስረጃ እጥረት" ተብሎ ይዘጋል። እውነተኛው ምክንያት እርቅ ሆኖ ሳለ በጽሑፍ የሚቀረው ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ በሀገራችን ስለ ጥፋተኝነት ድርድር ሲነሳ ጥያቄው ድርድር ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ድርድሩ አለ፤ ያልተጻፈና ዳኛ የማያየው ሆኖ መቆየቱ ነው ችግሩ።

ሥልጣኑ የት ነበር?

ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ የወንጀል ክርክሮች ሲመሩበት የቆየው የሥነ ሥርዓት ሕግ በመሠረቱ ዐቃቤ ሕግን ክስ የመመሥረት ግዴታ ውስጥ የሚያስገባ ነበር። ክስ የማይመሠረትባቸው ምክንያቶች በቁጥር የተወሰኑ ሲሆኑ እነርሱም የማስረጃ አለመብቃት፣ ተከሳሹን ማግኘት አለመቻል፣ ይርጋ፣ ይቅርታና ምሕረት ናቸው። ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ "ለሕዝብ ጥቅም" ሲባል ክስ እንዳይመሠረት ማዘዝ የሚችለው ሚኒስትሩ ነበር፤ ያውም በፊርማው በሚሰጥ የጽሑፍ ትእዛዝ። በኋላ የወጡ አዋጆች ዝርዝሩን ቢለዋውጡም ሥልጣኑ ከላይ የሚመነጭ መሆኑ አልተለወጠም።

የዚህ ሥልጣን አጠቃቀም በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። በጥር 2010 ዓ.ም በፌዴራል ደረጃ የ115፣ በደቡብ ክልል ደግሞ የ413 ተጠርጣሪዎች ክስ እንደሚቋረጥ ይፋ ሆኗል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም በእስር ላይ የነበሩ ታዋቂ ፖለቲከኞች ክስ ተቋርጧል። በመጋቢት 2015 ዓ.ምም ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በሕወሓት አመራሮች ላይ ቀርቦ የነበረው ክስ ተነስቷል። እነዚህ ውሳኔዎች ለሀገር ሰላም ሲባል የተወሰዱ መሆናቸው በወቅቱ ተገልጿል።

በዚህም የሥልጣኑ አደረጃጀት ጎልቶ ይታያል። በሀገር ደረጃ በከባድ ወንጀል የተከሰሱ ሰዎችን ክስ ለሰላም ሲባል ማቋረጥ ይቻላል። የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ግን ሁለት ጎረቤታሞች መታረቃቸውን በዓይኑ እያየ ይህንኑ ምክንያት በመዝገቡ ላይ ለማስፈር ይቸገራል።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

የሌሎች ሀገሮች ልምድ በሁለት ጎራ ይከፈላል። በአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ክስ የመምረጥ፣ የመቀነስና የመተው ሰፊ ነፃነት አለው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳለፋቸው ውሳኔዎች እንደጠቀሰው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 ከመቶ፣ በክፍለ ግዛቶች ደግሞ 94 ከመቶ የሚሆኑት የተገኙት በእምነት ቃል ነው። ሥርዓቱ ፍጥነት አስገኝቷል፤ ከባድ ቅጣት የፈራ ንጹህ ሰው ያልሠራውን ወንጀል እንዲያምን ይገፋፋል የሚል ብርቱ ወቀሳም ይቀርብበታል።

ጀርመን በበኩሏ ዐቃቤ ሕግ ክስ የመመሥረት ግዴታ አለበት ከሚለው መርህ ተነስታ ጥንቃቄ የታከለበት መንገድ ቀይሳለች። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቀለል ባሉ ወንጀሎች ተከሳሹ ጉዳቱን ከካሰ ወይም ሌላ ግዴታ ከፈጸመ ክሱ እንዲቀር ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ደግሞ ስምምነቱ በችሎት እንዲገለጽና እንዲመዘገብ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው ራሱም ለድርድር እንዳይቀርብ ደንግጓል። ዳኛው ተከሳሹ አምኗል ብሎ እውነቱን ከመመርመር አይቦዝንም።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ህንድ ሳትሆን አትቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የህንድ ሥርዓት ከሰባት ዓመት በላይ እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን እንዲሁም በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙትን ከድርድር ውጪ አድርጓል። ተበዳዩም ጥሪ ደርሶት በድርድሩ ላይ ይቀመጣል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2008 ባደረገችው የሕግ ማሻሻያ ድርድርን በሕግ ፈቅዳለች።

የሀገራችን አቅጣጫ

በሀገራችን ይህን ክፍተት ለመሙላት የተወሰደው ዋነኛ እርምጃ በ2003 ዓ.ም የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የጥፋተኝነት ድርድርን፣ ከመደበኛው ክስ ውጪ ያሉ አማራጮችንና በሕዝብ ጥቅም ምክንያት ክስ አለመመሥረትን አስተዋውቋል። የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 943/2008 ለተቋሙ የመደራደር ሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ የተቋሙ ተግባራት ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውረዋል። ይሁንና ፖሊሲ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደሚደራደር የሚደነግግ የሥነ ሥርዓት ሕግን አይተካም።

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግም ተከሳሽ የክሱን ፍሬ ነገር ሙሉ በሙሉ ማመኑን፣ መጸጸቱንና ተበዳዩን መካሱን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ውስጥ አካቷል። ስለሆነም መሠረቱ አለ፤ የጎደለው እስከ ወረዳ የሚደርስ ግልጽ ሥርዓት ነው።

በወረዳ ደረጃ ምን ይጠበቃል?

በገጠር ወረዳ የሚደረግ ድርድር ከከተማው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በአዊኛ አፉን የፈታ አርሶ አደር ጠበቃ ሳይኖረው "አምነህ ቅጣቱ ይቅለልልህ" ቢባል ያመነው ወንጀሉን ይሁን ወይስ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ፈልጎ፣ ለመለየት አዳጋች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ማንም ተገዶ እንዳያምን፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድ ክርክር በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታም ጠበቃ እንዲቆምለት ደንግጓል። እነዚህ መብቶች በክርክር ወቅት ከተጠበቁ በድርድር ወቅት ይበልጥ ሊጠበቁ ይገባል፤ በድርድር ላይ ማስረጃውን የሚፈትን ሌላ አካል የለምና።

የሽማግሌው ወንበርም ገደብ ያስፈልገዋል። እርቅ ቂምን ያደርቃል፣ የበቀል ግድያን ያስቀራል። ይሁንና አቅመ ደካማ የሆነች ተበዳይ በቤተሰብ ጫና "ታርቄያለሁ" እንድትል የምትገደድበት አጋጣሚም አለ። በዚህ ረገድ የህንድ ገደብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከዚህ አንጻር የፍትሕ አካላት ኃላፊዎች ሦስት ነጥቦችን ሊያጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ ክስ የቀረበት ወይም የተቋረጠበት እውነተኛ ምክንያት በመዝገብ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተበዳዩ ከሽማግሌዎችና ከቤተሰብ ተለይቶ ቃሉ ይሰማ። ሦስተኛ፣ ስምምነቱ በዳኛ ፊት ተነቦ ተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። ሦስቱም ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

የዐቃቤ ሕግ የመወሰን ሥልጣን ሲሰፋ ለብልሹ አሠራር በር ይከፍታል የሚለው ሥጋት መሠረት አለው። ሆኖም ሥጋቱ የሚወገደው ሥልጣኑን በመካድ አይደለም። ምክንያቱ ያልተጻፈ ውሳኔን የበላይ አካል ሊመረምረው፣ ተበዳይም ይግባኝ ሊልበት አይችልም። በግምጃ ቤት ሽማግሌዎች የሚያወርዱት እርቅ በመዝገብ ሲሰፍር ግን መንግሥት ያየዋል፣ ዳኛ ይመዝነዋል፣ ተበዳይም ይጠይቅበታል።