የጓሮ ቅጠልና የሐኪም ኪኒን

የሐሙሲት ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው በሐሙስ ገበያችን ከበርበሬውና ከሽንኩርቱ ጎን በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝና ጤና አዳም ይሸጣሉ። እናቶቻችን እነዚህን ገዝተው ወይም ከጓሯቸው ቀጥፈው ወጥ ያጣፍጡባቸዋል፤ ቅቤ ያነጥሩባቸዋል፤ ሆድ ሲቆርጥና ጉንፋን ሲይዝም መድኃኒት ያደርጓቸዋል። ስለ እነዚህ ቅጠሎች አስተያየቴን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰው ችግር ነው።

አክስቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት በምርመራ ታወቀና ሜትፎርሚን የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ጥቂት ወራት እንደ ዋጠች አንዲት ጎረቤት «ይህን የፈረንጅ ኪኒን ተይው፤ ጤና አዳምና አብሽ ጠዋት ጠዋት ብትጠጪ ስኳሩ ይጠፋልሻል» አለቻት። አክስቴም ምክሩን ተቀብላ ኪኒኑን ተወችው። ሁለት ወር ሳይሞላ ውሃ ጥሙ ተመለሰ፤ ዓይኗ ፈዘዘ፤ የእግሯም ቁስል አልድን አለ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ወስደናት ሐኪሞች በብዙ ድካም እግሯን አተረፉላት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በሁለት ወገን ተከፈለ። አንዱ ወገን «ቅጠሉ ባይረባ ኖሮ አያቶቻችን እንዴት ኖሩበት?» ይላል። ሁለተኛው «ቅጠል መቀቀል የድንቁርና ሥራ ነው» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል።

አስቀድሜ ለቅጠሎቹ ልመስክር። ቅቤ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ የሚበላሸው ስቡ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። የላም አገር የሆነችው የፎገራ ባለሙያ ቅቤዋን በኮሰረት፣ በበሶብላና በጥቁር አዝሙድ አንጥራ ለብዙ ጊዜ ታቆየዋለች። አንዱ ምክንያት በእሳቱ ውሃው ስለሚወጣ ነው፤ ሌላው ግን በቅጠሎቹ ውስጥ ኦክሲጅንን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው ነው። ሊቃውንት ፀረ ኦክሲዳንት የሚሏቸው እነዚህን ነው። በጦስኝ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል ይገኛሉ፤ ሩቲን የተባለውም ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከጤና አዳም ወገን ነው።

ስለ ስኳሩም ቢሆን ወሬው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የምንበላው እንጀራና ሩዝ በአንጀታችን ውስጥ በኢንዛይሞች አማካይነት ወደ ስኳርነት ይለወጣል። የአንዳንድ ቅጠሎች ጭማቂ ይህን ሥራ በላቦራቶሪ ሲያዘገይ ታይቷል። አብሽም በሰዎች ላይ ተሞክሮ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ነገር ግን የላቦራቶሪ ቱቦ ሰው አይደለም። በቱቦው ውስጥ ጭማቂው ኢንዛይሙን በቀጥታ ያገኘዋል፤ በሰው ውስጥ ግን ሆድና ጉበት ይለውጡታል። ወጥ ውስጥ የምትገባውም ቁንጥር ከዚያ መጠን ጋር አትወዳደርም። ይህ አነሰ ተብሎ አብዝቶ መጠጣት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ጤና አዳም ሲበዛ መርዝነት አለው፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትን ይጎዳል።

አሁን እጅግ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ «የፈረንጅ ኪኒን» ብላ የጣለችው ሜትፎርሚን ራሱ የቅጠል የልጅ ልጅ ነው! በአውሮፓ ጋሌጋ የሚባል የሜዳ ተክል አለ፤ ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒት ይጠቀሙበት ነበር፤ ነገር ግን በጎችን የሚገድል መርዝ ነበረበት። መርማሪዎች በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ለይተው፣ የእርሱን አምሳያ ከመርዙ የራቀ አድርገው በፋብሪካ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ሜትፎርሚን የስኳር ሕሙማንን እንደሚረዳ አሳወቀ። እንግዲህ አክስቴ የተመረመረውን ቅጠል ጥላ ያልተመረመረውን ጠጣች ማለት ነው።

ይህን ዓይነት ሥራ ያገራችን ሰውም ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «የሴቶች ወግ ነው» ብለው አላለፉትም፤ መርምረው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አሳዩ።

ስለዚህ ለወላጆቻችን የምለው ይህ ነው፦ ቅጠላችሁን በወጣችሁና በቡናችሁ አትተዉ፤ ኪኒናችሁንና ኢንሱሊናችሁን ግን በቅጠል አትለውጡ። ቅጠል የምትጠጡም ብትሆኑ ለሐኪማችሁ አትደብቁ፤ ሁለቱ ተደርበው ስኳሩን ከመጠን በታች ሊያወርዱት ይችላሉና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው።

መምህራኖቻችንን ደግሞ በትምህርት ቤታችን ግቢ አንዲት መደብ መሬት ሰጥታችሁን እነዚህን ዕፀዋት እንድንተክል፣ የእናቶቻችንን ዕውቀት ጠይቀን እንድንመዘግብ፣ በባዮሎጂና በኬሚስትሪም ክፍለ ጊዜ እንድንመራመርባቸው እንድትፈቅዱልን እለምናለሁ።

አክስቴ ዛሬ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ በቡናዋም ላይ እንደ ድሮው አንዲት የጤና አዳም ቅጥያ ታደርጋለች። ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው።