አሸዋውን የሚመርጠው እሱ፣ አቧራውን የምንጠርገው እኛ

የድሮ መኪና ዕቃ ማጽዳት የወንዶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ይህን ጽሑፍ እንዳትዘሉት፣ እህቶቼ። ሻርጃና አጅማን ቪላ ቤት የምንሠራ አንዳንዶቻችን ሆሹ ውስጥ ጥላ ሥር የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ፓትሮል እናውቃለን። ባባ ወይም የቤቱ ልጅ በዕረፍት ቀኑ ይፈታታዋል። ከሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያገለገለ መለዋወጫ ገዝቶ ይመጣና ዝገቱንና ቀለሙን ለማስለቀቅ በኮምፕሬሰር አሸዋ ይረጭበታል። ሳንድ ብላስቲንግ ይሉታል። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ማጅሊስ ይገባል። መጥረጊያው የኛ ነው፤ ቱታውም ወደኛ ማጠቢያ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ በምን እንደሚረጭ ሲመረጥ እኛም ያገባናል ባይ ነኝ። እኔ የምሠራበት ቤት የተጀመረው በከረጢት አሸዋ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ።

አሸዋ ምን ያደርጋል? ኮርኒሽ ላይ የምንረግጠው አሸዋ እንዳለ ሳንባ ውስጥ አይገባም፣ ትልቅ ነው። በአየር ኃይል ብረት ላይ ሲመታ ግን ይፈጫል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ብናኝ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ቢያንስ መቶ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ዓይን አያየውም። ብዙው አሸዋ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ይህ ብናኝ ሳንባን እያቆሰለ ጠባሳ ያደርገዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ካንሰርም ያመጣል፤ ሳንባ ነቀርሳም በቀላሉ እንዲይዝ በር ይከፍታል።

አንድ ቀን ስለጠረግሽ ትሞቻለሽ አልልም። እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራ ሰው አልወድም። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብናኙ ሲበዛ ግን ቶሎም ይመጣል። ነገሩ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዝ ፋብሪካዎቿ ውስጥ ብረትን በአሸዋ እየረጩ ማጽዳትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ደንብ ነው። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል አሸዋ ሲረጩበት የነበሩ ወጣቶች በሲሊኮሲስ ታመሙ፣ የሞቱም አሉ። መንግሥት ሥራውን የከለከለው በ2009 ነበር። ለሱሪ ፋሽን!

ታዲያ በምን ይረጭ? ምርጫ ሞልቷል። ጋርኔት የሚባል የተፈጨ ድንጋይ አለ፤ ሲሊካው በጣም ጥቂት ነው፣ ለወፍራም ብረትና ለዝገት ይሆናል። ትናንሽ የመስታወት ዶቃዎች አሉ፤ እንደ ካርቡሬተርና ቴስታታ ላሉ የአሉሚኒየም ዕቃዎች ጥሩ ናቸው። መስታወት ከአሸዋ ይሠራል፣ ግን ሲቀልጥ ጠባዩ ስለሚለወጥ እንደ አሸዋው ብናኝ ሲሊኮሲስ አያመጣም። እኛ ወጥ ቤት የምናውቀው ሶዳም ይረጫል። ቀለም ያነሳል፣ ወፍራም ዝገት ግን አይችልም፤ በውሃ ይሟሟል። (ማዳም አበባዎቿን የምትወድ ከሆነ ንገሪያት፤ ሶዳው አፈር ውስጥ ሲገባ ተክል ያደርቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሥራው ከሆሹ ሊወጣ ይችላል።) ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጭበት መንገድም አለ፣ አቧራውን በጣም ይቀንሳል። ትንንሽ ዕቃ ደግሞ እጅ በጓንት በሚገባበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ይጸዳል። ከሁሉም የምመርጠው ግን ዕቃው የተዘጋ ክፍልና አቧራ መሳቢያ ወዳለው ወርክሾፕ ተወስዶ እንዲጸዳ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ሆሽ ጋራዥ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሸዋው ስለተቀየረ ብቻ አቧራው ንጹሕ አይሆንም፤ ከዕቃው ላይ የሚነሳው ነገርም አለ። የድሮ መኪና ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። እርሳስ ማለቴ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ ነው፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡር ወደ ጽንስ ያልፋል። በአሮጌ የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የፍሬን ዕቃ በአየር መነፋትም፣ በደረቁ መጠረግም የለበትም።

እንዴት እንንገራቸው? ልምዴን ላካፍላችሁ። ስለኔ ሳንባ ስናገር «ማስክ አድርጊ» ተባልኩና አለቀ። ስለ መኪናው ስናገር ግን ተሰማሁ። አሸዋ ስስ ላሜራን ያጣምማል፣ አሉሚኒየምን ይቦረቡራል፤ ይህ እውነት ነው። «ባባ፣ በር ላሜራው እንዳይጣመምብዎ» ማለት ከሺህ ልመና ይበልጣል። ለላሜራ ብለው አሸዋውን ቢተዉ ያሳዝናል፣ ግን አልከፋም። ሳንባዬ ምክንያቱን አይጠይቅም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ። መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፊ፣ ከዚያ አፍሺና በላስቲክ ቋጥሪው። ቱታውን አታራግፊ፤ ከልጆችና ከራስሽ ልብስ ለይተሽ እጠቢ፣ ማሽኑንም ባዶውን አንዴ አዙሪው። ሻሽና ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ይህን ብናኝ አያስቀሩም። ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ጥብቅ ሲል ለጠራጊ ይረዳል፤ ለሚረጨው ሰው ግን እሱም አይበቃም። እንጀራም ሆነ ሩዝ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከድራጎን ማርት የመርጫ ሽጉጥ ላኪልኝ ብሎኛል። እልካለሁ፣ ግን የወንዝ አሸዋ እንደማይጨምርበት ቃል ከገባልኝ ነው። እስካሁን አልገባልኝም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ማለትም የ2022ቱ ቁጥር 9 ድንጋጌ፣ ከዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አሠሪ ያለ ፈቃድሽ ከኮንትራትሽ የተለየ ዓይነት ሥራ ሊያሠራሽ አይችልም። ሕክምናሽም የሱ ኃላፊነት ነው። ጓሮ መጥረግ የቤት ሥራ ነው ይሉሻል፤ እሺ፣ ነው። የወርክሾፕ ዝቃጭ ማጽዳት ግን የቤት ሥራ ነው ብዬ አላምንም፤ በደንብ የሚያከራክር ነገር ነው። እምቢ ማለት ለሁላችንም እኩል እንደማይቀል አውቃለሁ፤ ደመወዝ የሚይዝ አሠሪ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃና ማስክ ጠይቂ፤ ካልሆነ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ስልክ 600590000 ነው።

አንድ የቀረኝ፦ ኢቃማ ሲታደስ ለምርመራ ደረታችንን ራጅ እንነሳለን። የሲሊኮሲስ ጠባሳ ራጅ ላይ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ የሆሹን አቧራ የጠረግሽበትን ቀን፣ የተረጨውን ነገርና የከረጢቱን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። የማይለቅ ደረቅ ሳል ወይም ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ለሐኪሙ «አቧራ ነካኝ» ብቻ አትበይው። ሳንድ ብላስቲንግ በይው፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነም ንገሪው።