ጂኑ የገባው በየት በኩል ነው?



ወጣቶቻችን ከሚያነቧቸው ልብ ወለዶችና በየስልካቸው ከሚመለከቷቸው ፊልሞች መካከል ጂን ወይም የሙት መንፈስ የሰፈረበት ቤት ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አንድ ቤተሰብ ወደ አዲስ ቤት ይገባል። ሌሊት ሰው በሌለበት ክፍል ኮቴ ይሰማል፣ የተዘጋው በር ተከፍቶ ያድራል፣ ትንሹ ልጅ ማንም ከማያየው ሰው ጋር ሲነጋገር ይገኛል። እኛ መምህራን ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው ይህንኑ ሲተርኩ እንሰማለን። ወላጆችም «እንከልክላቸው ወይስ እንተዋቸው?» እያሉ ይጠይቁናል።

መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም ይገባናል። እነዚህ ታሪኮች በእርግጥ የሚናገሩት ስለ ምንድን ነው? ላይ ላዩን ሲታዩ ስለ ጂን ይመስላሉ። ጠጋ ብለን ስንመረምራቸው ግን ከመካከላቸው የተሻሉት ስለ ቤተሰብ ሆነው እናገኛቸዋለን።

በቋንቋችን «ቤት» ስንል ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ ማለታችን አይደለም። «የእነ እገሌ ቤት» ስንል ሰዎቹን ማለታችን ነው። «ቤተሰብ» የሚለውም ቃል የተገኘው ከዚሁ ነው። «ቤቱ ፈረሰ» ሲባል አንዳንዴ ግድግዳው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ትዳሩ ነው። የአስፈሪ ቤት ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚሰሩት በዚሁ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

የዚህ ዓይነት ድርሰት በኩር ተደርጎ የሚቆጠረው እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል በ1764 ያወጣው «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። ማንፍሬድ የተባለ መስፍን የሚኖርበት ግንብ በአያቱ ግፍ የተወሰደ የሌላ ሰው ንብረት ነው። አንድ ልጁ በሠርጉ ቀን ከላይ በወረደ ግዙፍ የራስ ቁር ተጨፍልቆ ይሞታል። አባትየው ሐዘኑን ሳይጨርስ ሚስቱን ፈትቶ የልጁን እጮኛ ለማግባት ይነሳል፤ በመጨረሻም በስህተት የገዛ ሴት ልጁን በጩቤ ይገድላል። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖም በ1839 የአሸር ቤት አወዳደቅን ሲጽፍ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቤት ነው ያፈረሰው። መንትያ ወንድምና እህት ሲያልቁ ሕንፃውም አብሮ ተሰንጥቆ ይወድቃል።

ከዚያ ወዲህ ከተጻፉት ውስጥ ብዙዎች በቁንጮነት የሚያስቀምጡት የሸርሊ ጃክሰንን መጽሐፍ ነው። በ1959 ታተመ፤ ሂል ሀውስ ስለሚባል ቤት ይተርካል። ዋናዋ ሰው ኤሊኖር የ32 ዓመት ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የታመመች እናቷን ስታስታምም ኖራለች። እናትየው ከሞተች በኋላ ኤሊኖር ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ሌሊት በሩ ይደበደባል። እርሷም በእንቅልፍ ልቧ መጀመሪያ የምትመልሰው ለእናቷ ነው። በኋላ እንደምንረዳው፣ እናትየዋ በሞተችበት ሌሊት መድኃኒት ፈልጋ ግድግዳውን እየመታች ተጣርታ ነበር። ልጅ አልደረሰችላትም። ነቅታ ሰምታ ተመልሳ ተኝታ እንደሆነ እንኳ ለራሷም እርግጠኛ አይደለችም።  እንግዲህ አንባቢዎቻችን ፍረዱ፤ ያ ድብደባ የመጣው ከቤቱ ነው ወይስ ኤሊኖር ከቤቷ ይዛው መጣች? ወላጁን ለረዥም ዘመን ያስታመመ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያነብ ልቡ መመታቱ አይቀርም።

እስጢፈን ኪንግ በ1977 ያወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ደግሞ የአባት ታሪክ ነው። ጃክ ቶራንስ እንደኛው መምህር የነበረ ሰው ነው፤ ተማሪ በመምታቱ ከሥራው ተባረረ። ከዚያም በፊት ሰክሮ ሳለ የትንሽ ልጁን ክንድ ሰብሯል። አሁን መጠጡን ትቶ ክረምቱን በበረዶ የሚዘጋ ትልቅ ሆቴል ሊጠብቅ ሚስቱንና የአምስት ዓመት ልጁን ይዞ ይሄዳል። በሆቴሉ ምድር ቤት አሮጌ የማሞቂያ ቦይለር አለ። እንፋሎቱ በየቀኑ ካልተለቀቀ ይፈነዳል፤ ይህ ደግሞ የጃክ ሥራ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ክፉ ነገር ጃክን የሚይዘው በሌላ በኩል አይደለም፤ በመጠጡና በቁጣው በኩል ነው። በመጨረሻም ቦይለሩ ተረስቶ ይፈነዳል። በቁጣ የታፈነ አባት ያለበትን ቤት ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም አይጠፋውም። ደራሲው ራሱ በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ በዚያን ዘመን ጠጪ እንደነበረና ያንን ልብ ወለድ ሲጽፍ ስለ ራሱ መጻፉን እንዳላወቀ ገልጿል።

ወደ ሙስሊሙ ዓለም ስንመጣ ቴህራን ተወልዶ ያደገው ባባክ አንቫሪ በ2016 በፋርስኛ ያወጣው «አንደር ዘ ሻዶው» የተሰኘ ፊልም አለ። ጊዜው 1988፣ ኢራንና ኢራቅ አንዳቸው የሌላውን ከተማ በሚሳይል የሚደበድቡበት ወቅት ነው። ሺዴህ የምትባል እናት በአብዮቱ ጊዜ በነበራት የፖለቲካ ተሳትፎ የሕክምና ትምህርቷን እንዳትቀጥል ተከልክላለች። ባሏ ሐኪም ነው፤ ወደ ጦር ግንባር ተጠርቷል። ከመሄዱ በፊት ልጃቸውን ይዛ ወደ ወላጆቹ ዘንድ እንድትሄድ ይነግራታል፤ እርሷም እምቢ ትላለች፤ ይጣላሉ። ከዚያም ያልፈነዳ ሚሳይል የሕንፃውን ጣራ በስቶ ይገባል። ልጅቷ ዶርሳ አሻንጉሊቷ ጠፋባት፤ ጂን ወሰደብኝ ትላለች። እናት አታምናትም። ጎረቤት አንድ በአንድ ከተማውን እየለቀቀ ሲሄድ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይቀራሉ። በዚህ ፊልም ጂኑ የሚያነሳው ነገር ባልና ሚስት ሲጣሉ የተባባሉትን ነው፤ አንቺ ደህና እናት አይደለሽም የሚለውን። ሚሳይሉ በጣራው ገባ። ጂኑ ግን የገባው በጠቡ በኩል ነው።

ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበን በ2020 የወጣው የሬሚ ዊክስ «ሂዝ ሀውስ» ነው። ቦልና ሪያል ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው፣ ባሕር አቋርጠው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስት ናቸው። መንግሥት አንድ የተጎሳቆለ ቤት ሰጣቸው፤ ከዚያ ቤት መልቀቅ ግን አይፈቀድላቸውም። ሌሊት በግድግዳው ውስጥ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ባሕር ላይ የሞተችው ልጅ ድምፅ ይሰማል። ባል ሁሉን ረስቶ እንግሊዛዊ ለመሆን ይጣደፋል። ሚስት መርሳት አትችልም። በመጨረሻ ምስጢሩ ይወጣል፤ ልጅቷ ልጃቸው አልነበረችም። ልጅ ያለው ብቻ በሚሳፈርበት አውቶቡስ ለመግባት ሲል ቦል ከእናቷ የነጠቃት ልጅ ናት። በሊቢያና በየመን በኩል የሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በደረሱበት አገር ዝም ብለው ሲተክዙ፣ ስልክ ሲደወልላቸው «ደህና ነን» ብቻ እያሉ ሲዘጉ ምን ተሸክመው ይሆን ብለን እንድናስብ ያደርገናል።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛ፣ ክፉው ነገር ሁልጊዜ የሚገባው ቀድሞ በነበረ ስንጥቅ ነው። ጥፋቱ ከተነገረና ይቅርታ ከተጠየቀበት ቤት መግቢያ ያጣል። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው ቀድሞ የሚያየው ልጅ ነው፤ ትልልቆቹም አያምኑትም። ሦስተኛ፣ ቤት መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ኤሊኖር የእናቷን ቤት ለቃ ነበር፤ ቦልም ባሕር ተሻግሮ ነበር። ያልተነገረው ነገር አብሯቸው ሄደ።

እርግጥ ነው፣ እኛ ሙስሊሞች ከእነዚህ ጸሐፊዎች የምንለይበት ነጥብ አለ። የሞተ ሰው ነፍስ በበርዘኽ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች በር አታንኳኳም። ጂን ግን የአላህ ፍጡር መሆኑን እናምናለን። ቤታችንን በቢስሚላህና በሰላምታ መግባት፣ ሱረቱል በቀራን መቅራት፣ የጠዋትና የማታ ዚክር ማድረግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን መከላከያ ነው። ይህን የያዘ ቤተሰብ በየኮሽታው የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም።

ይሁንና ሸይጧን በቤት ውስጥ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ልብ ብለናልን? ከጃቢር (ረ.ዐ.) ተይዞ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረን፣ ኢብሊስ ዙፋኑን በውሃ ላይ አድርጎ ሠራዊቱን ያሰማራል። አንዱ ይህን ሠራሁ፣ ሌላው ያን ሠራሁ ብሎ ሲመጣ ምንም እንዳልሠራ ይቆጥርበታል። ባልና ሚስትን ሳይለያይ እንዳልተመለሰ የሚነግረውን ግን ወደ ራሱ ያቀርበዋል። እንግዲህ ሠራዊቱ የሚኮራበት ትልቁ ሥራ በር ማንጓጓትና መብራት ማጥፋት አይደለም፤ ባልና ሚስትን ማለያየት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹ በሌላ መንገድ ሄደው የደረሱበትም ከዚሁ አቅራቢያ ነው።

ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በማስተማር ሥራችን ሌሊት የሚጮኹ፣ በክፍል ውስጥ የሚፈዝዙ፣ ቀድሞ ጎበዝ የነበሩና ድንገት ዝም ያሉ ልጆች ያጋጥሙናል። ብዙ ጊዜ ወላጅ ሲጠራ የሚሰጠው መልስ «ጂን ነው፤ ቤቱ ነው» የሚል ነው። ጂን አወጣለሁ ባይ ይጠራል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ቤት ይቀየራል። ልጁ ግን በአዲሱም ቤት ይጮኻል። ምክንያቱም አባትና እናት በአዲሱም ቤት ሌሊት ሌሊት ይጣላሉ፤ ወይም የሞተው ወንድሙ ስም እንዳይነሳ ተከልክሏል። ሩቅያ ሱና ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን በቁርኣን እየተጠበቅን በማግስቱ እዚያው ስንጥቅ ላይ መጨቃጨቅ በር ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው። የልጁ ሕመም ከቀጠለም ሐኪም ማየት ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ ፊልሞች ለሕፃናት የተሠሩ ስላልሆኑ ትንንሾቹን መከልከል ይገባል። ለአካለ መጠን የደረሰውን ወጣት ግን ስልኩን ከመንጠቅ በፊት «ምን አየህ? የትኛው ቦታ ነው ያስፈራህ?» ብሎ መጠየቁ ይበልጣል። የሚሰጠው መልስ ስለ ፊልሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። «አባቱ በሩን ሲሰብር» ያለ ልጅ ስለ ምን እየነገረን እንደሆነ እናስተውል።

ትንሹም ልጅ «ፈራሁ» ሲለን አንሳቅበት፣ አንቆጣውም። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በልጅነታቸው ያዩትን ሲነግሯቸው አባታቸው ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) «ሂድ ተኛ» አላሏቸውም። አዳመጧቸው፣ ነገሩን በቁም ነገር ያዙት፣ ከወንድሞቻቸው በኩል ሊመጣ የሚችለውንም አሳሰቧቸው። ልጅን ማዳመጥ የነቢያት ሥርዓት ነው።

ባለትዳሮች ሆይ! ዛሬ ማታ በሮችን በቢስሚላህ ከዘጋችሁ በኋላ አንድ ነገር ጨምሩ። በመካከላችሁ ስንት ጊዜ ያለፋችሁት ያልተነገረ ነገር ካለ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተነጋገሩበት። ይቅር መባባሉ ቢከብድ እንኳ ጀምሩት። በሚቀጥለው ክፍል ያለው ልጅ የተኛ ቢመስልም ላይተኛ ይችላልና፣ ወላጆቹ በሰላም ሲነጋገሩ ሰምቶ ይተኛ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።