የመኪና ጎማ በሞተርሳይክል ላይ፦ ፈተናው ያለው በዝግታው ዙር ነው

በአሜሪካና በአውሮፓ ከባድ የረጅም ጉዞ ሞተርሳይክል ከሚያሽከረክሩ ሰዎች መካከል የተወሰኑት የኋላውን ጎማ አውልቀው በምትኩ የመኪና ጎማ ያስገጥማሉ። በዚህ ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2017 በገበያ ላይ የቆየው የጂኤል 1800 ሞዴል የኋላ ጎማ መጠን 180/60 አር 16 በመሆኑ ለአነስተኛ የቤት መኪና ጎማ የቀረበ ነው፤ ልውውጡም ቀላል ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመኪና ጎማ ጥርስ ቶሎ አያልቅም፣ ወጪውም ይቀንሳል። አምራቾች በበኩላቸው የሁለቱ ጎማዎች ቅርጽና ከቸርኬው ጋር የሚገጥሙበት ጠርዝ የተለያየ መሆኑን ጠቅሰው ድርጊቱን ይቃወማሉ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ክርክር በአብዛኛው የሚያተኩረው ጎማው በአውራ ጎዳና ፍጥነትና በጥልቅ ዝንባሌ መንገዱን ይዞ መቆየት መቻሉ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ትልቁን ልዩነት ያስታል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በዝግታና በጠባብ ዙር ላይ ነው።

የሞተርሳይክል ጎማ የሚንከባለልበት ገጽ ቅስት ነው። ሞተርሳይክሉ ወደ ጎን ሲያዘነብል መንገዱን የሚነካው ክፍል በቅስቱ ላይ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል። የመኪና ጎማ ገጽ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ መኪና በዙር ላይ ወደ ውስጥ ስለማያዘነብል ጠፍጣፋነቱ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታወቀው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም እንደ ሞተርሳይክል ስለማይጋደል ችግሩ አይነካውም። ጠፍጣፋ ጎማ በባለ ሁለት እግር ተሽከርካሪ ላይ ሲገጠም ግን፣ ጥቂት ዲግሪ እንዳዘነበለ ጭነቱ ወደ አንዱ ጠርዝ ይሸሻል። በጠርዙ በኩል የሚመጣው የመሬት ግፊትም ሞተርሳይክሉን መልሶ ለማቃናት ይታገላል።

መጠኑን በግምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። ሞተርሳይክሉና አሽከርካሪው በአንድነት 480 ኪሎግራም፣ የክብደት ማዕከላቸው ከመሬት 60 ሴንቲሜትር፣ በኋላው ጎማ ላይ የሚያርፈው ጭነት 2,500 ኒውተን፣ የሞተርሳይክሉ ጎማ ቅስት ሬዲየስ 90 ሚሊሜትር፣ የመኪናው ጎማ ጠፍጣፋ ገጽ ስፋት 160 ሚሊሜትር ነው ተብሎ ይወሰድ። በ3 ዲግሪ ዝንባሌ ስበት ሞተርሳይክሉን ለመጣል የሚያሳድረው ቶርክ 150 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን በመቃወም ቅስቱ ጎማ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ሲያበረክት፣ ፈጽሞ የማይለመጥ ጠፍጣፋ ጎማ 200 ያበረክታል። በ15 ዲግሪ የመጣያው ቶርክ 730 ሲደርስ ቅስቱ 58፣ ጠፍጣፋው 193 ይሰጣል። በ40 ዲግሪ ደግሞ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ 145 እና 153 ይሆናሉ።

እውነተኛ ጎማ ስለሚለመጥ የጠፍጣፋው ቁጥሮች የላይኛው ወሰን ተደርገው መወሰድ አለባቸው። የንፋሱ መጠን ሲቀንስና የጎማው ጎን ሲላላ ውጤቱ ዝቅ ይላል። አዝማሚያው ግን አያሻማም፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ የሚሆነው በአነስተኛ ዝንባሌ ሲሆን፣ በጥልቅ ዝንባሌ እየጠበበ ይሄዳል።

ፍጥነት ሲቀንስ ችግሩ ይባባሳል። ሞተርሳይክል ሚዛኑን የሚጠብቀው በዋናነት በመሪው እንቅስቃሴ ነው። ከመሪው የሚገኘው የጎን ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል፤ በመሆኑም አንድ ዓይነት የመሪ ማዞር በሴኮንድ 30 ሜትር የሚሰጠው ውጤት፣ በጂኦሜትሪ ብቻ ሲሰላ፣ በሴኮንድ 3 ሜትር ከሚሰጠው 100 እጥፍ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ የጠፍጣፋውን ጎማ እምቢታ ለማሸነፍ እጀታውን በጥቂቱ መግፋት ይበቃል። በ3.5 ሜትር ሬዲየስ፣ በሴኮንድ 3 ሜትር ዞሮ ለመመለስ ግን 15 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ያስፈልጋል፤ መሪውም ወደ መጨረሻው ወሰን ተጠምዝዟል። አሽከርካሪው ዝንባሌውን ለመጨመር መሪውን ለአፍታ ቢያላላ ዙሩ ይሰፋበታል። የቀረው አማራጭ ሰውነቱን ማዛወር ወይም ፍጥነቱን ማስተካከል ነው።

የመንገዱ ቅርጽም ሌላ ፈተና ይጨምራል። መንገዶች የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ ዝቅ ተደርገው ይሠራሉ። በእያንዳንዱ በኩል 2 በመቶ ያዘነበለ መንገድ ላይ የሚዞር ሞተርሳይክል መሃሉን ሲያቋርጥ ከመንገዱ ገጽ ጋር ያለው አንግል እስከ 2.3 ዲግሪ ያህል ሊለወጥ ይችላል። ቅስቱ ጎማ ለዚህ ለውጥ የንክኪ ነጥቡን 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ጠፍጣፋው ጎማ ግን ጭነቱን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ለአሽከርካሪው ይህ ያልተጠበቀ ግፊት ሆኖ ይሰማዋል፤ የሚመጣውም ሚዛኑ እጅግ ስስ በሆነበት ቅጽበት ነው። 400 ኪሎግራም የሚጠጋ ማሽን በዝግታ ሲወድቅ ደግሞ እግር ይዞ ይወድቃል፤ ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው ካለም አደጋው የሁለት ሰው ነው።

የልውውጡ ደጋፊዎች በመኪና ጎማ ብዙ ሺህ ኪሎሜትር መጓዛቸውንና በአጭር ጊዜ መልመዳቸውን ይናገራሉ። ቃላቸውን መጠራጠር አያስፈልግም፤ ለማስረጃነት ግን አይበቃም። አንደኛ፣ መልመድ የአሽከርካሪውን ችሎታ እንጂ የጎማውን ባሕርይ አያሳይም። ሁለተኛ፣ ልምዳቸውን የሚያካፍሉት በአብዛኛው የተስማማቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያልተስማማቸው ወደ ቀድሞው ጎማ ተመልሰው ዝም ይላሉ። የአምራቾች ማስጠንቀቂያም ቢሆን «አታድርጉ» ከማለት አልፎ ልዩነቱ በየትኛው ፍጥነትና ዝንባሌ እንደሚጀምር በቁጥር ካልተናገረ፣ አሽከርካሪው ምክሩን እንደ ሽያጭ ስልት ቢቆጥረው አይገርምም።

ነባሩ ንድፈ ሐሳብም በቀጥታ መልስ አይሰጥም። ፍራንሲስ ዊፕል በ1899 ለብስክሌት ያቀረባቸው እኩልታዎች መንኮራኩሩን ስለት እንዳለው ቀጭን ዲስክ ይወስዱታል፤ ጠፍጣፋና ሰፊ ጎማ ከዚህ መነሻ ርቆ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የጎማ ደንቦችም የመኪናውን በቁጥር 30፣ የሞተርሳይክሉን በቁጥር 75 ለየብቻ ያስተናግዳሉ።

ክፍተቱን ለመሙላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። በመጀመሪያ ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጡ፣ የተጫነ ጎማ በሚያዘነብል ማቀፊያ ላይ አቁሞ የግፊቱ ማዕከል በየዲግሪው ምን ያህል እንደሚሸሽ በሎድ ሴል መለካት ይቻላል። ልኬቱ በተለያየ የንፋስ መጠን ቢደገም የመለመጥ ድርሻው ይለያል። ቀጥሎ በዝግ ሜዳ፣ ተከላካይ ብረት በተገጠመለት ሞተርሳይክል፣ በቋሚ ሬዲየስ እየዞሩ በእጀታው ላይ የሚያርፈውን ቶርክና የዝንባሌውን ለውጥ መመዝገብ ነው። አሽከርካሪዎቹ የለመዱና ያልለመዱ ተብለው ቢለዩ፣ ከችሎታ የሚመጣው ውጤት ከጎማው ውጤት ይነጠላል።

እስከዚያው የማስረዳቱ ኃላፊነት የሚወድቀው ጎማውን ለሌላ ሰው በሚመክር ወገን ላይ ነው። በራሱ ሞተርሳይክል የሚሞክር ልምድ ያለው አሽከርካሪ ያለውን ትግል ያውቀዋል። ምክሩን ሰምቶ ጎማውን የሚቀይር ጀማሪ ግን ልዩነቱን የሚያውቀው በቁልቁለት መንገድ፣ ሰው አፈናጦ፣ ዞሮ ለመመለስ ሲሞክር ሊሆን ይችላል።