ራይት ማድረግ ማረም ነው እንዴ?

ነገሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ለልምምድ ማስተማር በወጣሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይዤ ነበር። ስለ ቤተሰባችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በማግስቱ የ60 ተማሪዎችን ደብተር በአሥር ደቂቃ «አረምኩ»። እንዴት ቻልክ ብትሉኝ፣ በየወንበሩ እየዞሩ ቀይ ራይት አድርጎ መፈረም ነዋ! ከሳምንት በኋላ አንድ ወንድ ተማሪ የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ ደብተሩን ይዞ መጣ። ገልጬ ሳየው «አይ አም ዘ ኦልደስት ዶተር» ይላል። ልጁ ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ሴት ልጅ መሆኑን ጽፏል ማለት ነው። ከአጠገቡ ከምትቀመጠው ልጅ ገልብጦ ነው። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ፊርማ፣ «ቬሪ ጉድ» ከሚል ጋር!

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በኋላ ግን አፈርኩ። ልጁ ያልሠራውን ሠራሁ አለ፣ እኔም ያላነበብኩትን አነበብኩ አልኩ። ታዲያ ከሁለታችን የባሰው አጭበርባሪ ማነው?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በብዙ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የሚሠራው ቤት ሳይሆን ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊት ነው። አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። የሚሰጠው ሥራ «ትክክለኛውን መልስ ምረጡ» ከሆነ ደግሞ መገልበጡ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፊደል መኮረጅ ብቻ ነውና።

ምርጫ ለምን በዛ? ሁላችንም እናውቀዋለን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ጽሑፍን የሚመለከተው ክፍል እንኳ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል የሚያስመርጥ እንጂ አንድ መስመር የሚያስጽፍ አይደለም። መናገርና ማዳመጥ ጭራሽ የሉበትም። ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ይዘው ዘዴ ፍለጋ ይገባሉ። እኔም በማጠናከሪያ ትምህርት «‹ሲንስ› የሚል ካየህ ‹ሃቭ› ወይም ‹ሃዝ› ያለበትን ምረጥ» ተብዬ ነው ያደግኩት። ‹ሲንስ› «ስለ» የሚል የምክንያት ትርጉም ይዞ የመጣ ቀን ግን ጉድ ይፈላል! ዘዴው ቋንቋውን ስለማያውቀው እዚያው ጥሎን ይሄዳል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ጥር ወር ላይ ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ለዚህ ምክንያቱ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በቋንቋው የሚማር ልጅ ጥያቄውን አንብቦ ካልገባው የቀመሩ ሽምደዳ ምን ይፈይድለታል?

እዚህ ላይ መምህራኖቻችን «ተው እንጂ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ» ሊሉኝ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው። አምስት ሴክሽን የያዘ መምህር በእያንዳንዱ 60 ተማሪ ቢኖረው 300 ደብተር ነው። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ አሥር ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ለአንድ የቤት ሥራ! ደመወዙም ኑሮውም ይታወቃል። እንዲሁም ቤተሰቡ በሙሉ ውጤቱን የሚጠብቅበትን ልጅ «የድሮ ፈተና አትሥራ» ማለት ጭካኔ ነው። ይሥራ፤ አሠራሩ ይቀየር ነው የምለው።

አንደኛ፣ በ15 የምርጫ ጥያቄ ፋንታ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ግን ከተማሪው ከራሱ ሕይወት መሆን አለበት። ትናንት ማታ እቤት ምን ተበላ? ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ምን አየህ? ይሄ ቢገለበጥም ያስታውቃል፤ የኔው ልጅ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉን ለማረም ከመሞከርና ምንም ሳያነቡ ከመፈረም፣ በሳምንት ከየሴክሽኑ 12 ደብተር ብቻ በደንብ ማንበብ ይሻላል። በአምስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል፣ የመምህሩም ሥራ በሳምንት ወደ ሁለት ሰዓት ይወርዳል። በብዛት የተገኘውን ስህተት ደግሞ ስም ሳይጠሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከክፍሉ ጋር ማረም ነው።

ሦስተኛ፣ የድሮ ፈተና ሲሠራ ፊደሉ ብቻ አይበቃም። ተማሪው «ሲ» ካለ፣ «ኤ» ለምን እንዳልሆነ አንድ መስመር ይጻፍ። እንግሊዝኛው ካቃተው በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ይሁን፤ ዋናው ምክንያቱን ማወቁ ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩ አምስት ጥያቄዎች በጭፍን ከተሠሩ 50 ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

በቀሩኝ ሦስት ሳምንታት ይህንኑ ሞከርኩ። ተአምር አልመጣም። ያልጻፉም፣ የገለበጡም ነበሩ። ያ ልጅ ግን አንድ ቀን «ማይ ፋዘር ኢዝ ድራይቭ ኤ ታክሲ» ብሎ ጽፎ አመጣ። ስህተት አለበት፤ ግን የራሱ ስህተት ነው፣ አባቱም የራሱ አባት ናቸው። ከ«ድራይቭ» ቀጥሎ ምን እንደጎደለ አብረን አየን። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማርኩ ያልኩት።

እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ነገ ቀይ እስክሪብቶውን የምንይዘው ነን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? የትምህርት እቅድ አዘገጃጀት እንደምንለማመደው ሁሉ፣ የተማሪ ደብተር አንብቦ ማረምንም ከመመረቃችን በፊት ብንለማመድ ምን ይመስላችኋል? የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይሞግተኝ። አደራ፣ ፈርማችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ!