ደቀ መዝሙርን ለወንበር ስለ ማብቃት

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በአምባሰል አጠገብ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። ከእነርሱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው፥ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። እንግዲህ የሐይቅ ክብር ከዚያ ወጥተው ወንበር በዘረጉት ጭምር ነው። በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ ገና ሳይመረቅ ታናሹን ያስተምራልና፥ ሲመረቅ ማስተማር እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬ ለዶክተርነት ከሚማሩት መካከል ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተልኮ የመጣው መመለሻ ወንበር አለው። በራሱ የሚማረው ግን የጥናት ጽሑፉን ፈጽሞ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፥ ያስተማርኸው ምንድን ነው፥ ያሳተምኸውስ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ አማካሪው መምህር በትምህርቱ ዘመን ሳለ በዓይኑ ሥር ሊያስተምረው፥ ጥናቱን በጉባኤ ሊያስነግረውና ማመልከቻውን ሊያርምለት ይገባል። መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚሸኘው እስከ ምረቃው ደጅ ብቻ ሳይሆን እስከ ወንበሩ ነው።